አባሪ ያለው ኢሜይል በፓይተን፦ የመምህርና የተማሪ ምልልስ

ተማሪ፦ በኢሜይል ላይ ፋይል ሲያያዝ ፋይሉ ከደብዳቤው ጎን ለጎን ለብቻው ይጓዛል ወይስ ከደብዳቤው ጋር አንድ ሆኖ?

መምህር፦ አንድ ሆኖ። ከኢሜይሉ ውጭ የሚጓዝ አባሪ የለም። ፎቶግራፉም፣ ፒዲኤፉም፣ የድምፅ ቅጂውም ወደ ጽሑፍ ተለውጠው እዚያው ደብዳቤ ውስጥ ይገባሉ። ከላኪው ሰርቨር ወደ ተቀባዩ ሰርቨር የሚሄደው ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አንድ ረጅም ጽሑፍ ነው። በፓይተንም ሆነ በሌላ ቋንቋ አባሪ ያለው ኢሜይል የሚያዘጋጅ ሰው ዋና ሥራው ይህን ጽሑፍ በትክክል መገንባት ነው። መላኩ ጥቂት መስመር ኮድ ብቻ ይፈልጋል።

ተማሪ፦ ፎቶግራፍ ጽሑፍ መሆን ለምን አስፈለገው? ኮምፒዩተር ሁሉንም ነገር የሚያስቀምጠው በባይት አይደለም እንዴ?

መምህር፦ ኢሜይል ገና ከጥንቱ የተሠራው ለጽሑፍ ብቻ ስለነበረ ነው። የደብዳቤውን መልክ የደነገገው አርኤፍሲ 822 የተባለው የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ እና ደብዳቤው ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚተላለፍበትን ሥርዓት የደነገገው አርኤፍሲ 821 የወጡት በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ ጽሑፍ ሲባል አስኪ ማለት ነበር። አስኪ ያሉት 128 ምልክቶች ስለሆኑ ለእያንዳንዱ 7 ቢት ይበቃዋል። በመንገድ ላይ ያሉት ሰርቨሮች 8ኛውን ቢት ሳይነኩ የማሳለፍ ግዴታ አልነበረባቸውም። የአንድ መስመር ርዝመትም መዝጊያውን ጨምሮ ከ1000 ምልክት እንዳይበልጥ ተገድቦ ነበር። የፎቶግራፍ ፋይል ደግሞ 8ቱንም ቢት ይጠቀማል፣ መስመር የሚባል ነገርም አያውቅም። እንዳለ ቢላክ ተበላሽቶ ይደርሳል።

ተማሪ፦ ታዲያ መጀመሪያ ላይ ሰዎች ምን ያደርጉ ነበር?

መምህር፦ ሜሪ አን ሆርተን በ1980 በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የጻፈችው ዩዩኤንኮድ የሚባል ፕሮግራም ነበር። ፋይሉን ወደ አስኪ ምልክቶች ይለውጠዋል፤ ላኪው ውጤቱን ደብዳቤው ውስጥ ይለጥፈዋል፤ ተቀባዩ ቆርጦ አውጥቶ ይፈታዋል። ችግሩ ደብዳቤው ራሱ በውስጡ ምን እንዳለ አይናገርም ነበር። ይህን የፈታው ኤምአይኤምኢ የሚባለው ደንብ ነው። ናትናኤል ቦረንስታይንና ኔድ ፍሪድ አዘጋጁት፤ በጁን 1992 አርኤፍሲ 1341 ሆኖ ወጣ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ማርች 11 ቀን 1992፣ ቦረንስታይን አባላቱ አራት ከሆኑት የመዘምራን ቡድኑ ፎቶግራፍና የዜማ ቅጂ ጋር ኢሜይል ልኮ ነበር። ደንቡ በ1996 ከአርኤፍሲ 2045 እስከ 2049 ባሉት ሰነዶች ተስተካክሎ ወጣ፤ ዛሬም የሚሠራው በዚያ ነው።

ተማሪ፦ ደንቡ ምን ጨመረ?

መምህር፦ ደብዳቤው ክፍልፋዮች እንዲኖሩት አደረገ፤ እያንዳንዱም ክፍል የራሱ ራስጌ እንዲኖረው። «ኮንተንት-ታይፕ» የሚባለው ራስጌ ክፍሉ ምን ዓይነት እንደሆነ ይናገራል፤ ለምሳሌ «አፕሊኬሽን/ፒዲኤፍ»። «ኮንተንት-ትራንስፈር-ኢንኮዲንግ» ባይቶቹ በምን ዘዴ ወደ ጽሑፍ እንደተለወጡ ያስረዳል። ቆየት ብሎ በተለየ ሰነድ የመጣው «ኮንተንት-ዲስፖዚሽን» ደግሞ ክፍሉ ከጽሑፉ ጋር እንዲታይ ወይም በአባሪነት እንዲቀመጥ ይወስናል፣ የፋይሉንም ስም ይይዛል። ክፍሎቹን የሚለያያቸው የወሰን መስመር ነው፤ በሁለት ሰረዝ ይጀምራል፣ ቀጥሎ በደብዳቤው ውስጥ በሌላ ቦታ የማይገኝ ሐረግ ይመጣል። የመጨረሻው ወሰን ከኋላውም ሁለት ሰረዝ ይጨመርበታል።

ተማሪ፦ ወደ ጽሑፍ መለወጡ እንዴት ነው የሚከናወነው?

መምህር፦ ለአባሪ የተለመደው ቤዝ64 ነው። ሦስት ባይት፣ ማለትም 24 ቢት፣ ይወስድና በስድስት በስድስት ቢት አራት ቦታ ይከፍለዋል። ስድስት ቢት 64 ዓይነት ዋጋ ሊኖረው ስለሚችል ለእያንዳንዱ አንድ የአስኪ ምልክት ይሰጠዋል። ሦስቱ ባይት አራት ምልክት ሆነ ማለት ነው። በኢሜይል ውስጥ አንድ መስመር 76 ምልክት ይይዛል፣ የመስመር መዝጊያው ሁለት ባይት ይጨምራል። ስለዚህ 57 ባይት የነበረው 78 ይሆናል። 20 ሜጋባይት ፋይል ወደ 27 ሜጋባይት ገደማ ያድጋል።

ተማሪ፦ ሰርቨሩ ከ25 ሜጋባይት በላይ አልቀበልም ካለ 20 ሜጋባይቱ ፋይል አያልፍም ማለት ነው?

መምህር፦ ሰርቨሩ የሚመዝነው የተገነባውን ደብዳቤ ከሆነ አያልፍም። በዚያ ገደብ ውስጥ የሚገባው ፋይል 18 ሜጋባይት አካባቢ ነው። ፕሮግራሙ መጠኑን መለካት ያለበት ከዲስክ ላይ ካለው ፋይል ሳይሆን ከተገነባው ደብዳቤ ነው። ብዙ ሰርቨሮች ገና ሰላምታ ሲለዋወጡ የሚቀበሉትን ከፍተኛ መጠን ይናገራሉ፤ ኢሜይል የሚልከው የፓይተን ሞጁል ኤስኤምቲፒሊብም የደብዳቤውን መጠን ቀድሞ ስለሚያሳውቅ፣ ከባዱ ደብዳቤ አንድም ባይቱ ሳይጓዝ ሊመለስ ይችላል።

ተማሪ፦ ይህን ሁሉ ካወቅሁ ደብዳቤውን በስትሪንግ ቆራርጦ መገጣጠም ይቻላል። ላይብረሪ ለምን ያስፈልጋል?

መምህር፦ መገጣጠሙ ይቻላል፤ የሚያስቸግረው ግን ዝርዝሩ ነው። ራስጌና አካልን የሚለየው ባዶ መስመር ቢረሳ፣ ወሰኑ በአንዱ ቦታ በአንድ ፊደል ቢሳሳት፣ ረጅም ራስጌ በትክክል ባይታጠፍ፣ ደብዳቤው በአንዱ ፕሮግራም ሲከፈት ደህና ይመስላል፤ በሌላው ተበትኖ ይታያል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ደህንነቱ ነው። የደብዳቤው ርዕስ ከተጠቃሚ የሚመጣ ከሆነና ተጠቃሚው በውስጡ አዲስ መስመር ቢያስገባ፣ የራሱን ተቀባዮች በራስጌው ውስጥ መጨመር ይችላል። የድርጅቱ ሰርቨር ሳያውቅ የአጭበርባሪ መልእክት ማከፋፈያ ይሆናል። የፓይተን «ኢሜይልመሴጅ» ክላስ አዲስ መስመር ያለበትን ራስጌ አልቀበልም ብሎ ስህተት ያስነሳል። ለዚህ ብቻ እንኳ ስትሪንግ መገጣጠምን መተው ይገባል።

ተማሪ፦ ብዙ የማስተማሪያ ኮዶች ግን ሌሎች ክላሶችን ይጠቀማሉ፤ «ኤምአይኤምኢመልቲፓርት»፣ «ኤምአይኤምኢቤዝ» የሚባሉ።

መምህር፦ እነዚያ የቆዩት ናቸው። አሁንም ይሠራሉ፣ ግን እያንዳንዱን እርምጃ ለፕሮግራመሩ ይተዉታል። ባይቶቹን መጫን፣ ቤዝ64 አድርግ ብሎ ማዘዝ፣ ራስጌውን በእጅ መጻፍ፣ ክፍሉን ማያያዝ። አንዱ ከተዘለለ አባሪው ይበላሻል። «ኢሜይልመሴጅ» ያለበት አዲሱ አሠራር ከፓይተን 3.6 ጀምሮ የጸና ሆኗል። ለአዲስ ሥራ የድሮውን የሚመርጡበት ምክንያት የለም።

ተማሪ፦ በአዲሱ አንድ ደብዳቤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት ይገነባል? አንድ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ የወር ደመወዝ መግለጫ በፒዲኤፍ ይልካል እንበል።

መምህር፦ መጀመሪያ ባዶ «ኢሜይልመሴጅ» ይፈጠራል። ላኪው፣ ተቀባዩና ጉዳዩ በራስጌነት ይሞላሉ። ቀጥሎ «ሴት ኮንተንት» በሚባለው ሜተድ ተራው ጽሑፍ ይገባል። ደብዳቤው በቀለምና በሠንጠረዥ እንዲታይ ከተፈለገ በ«አድ ኦልተርኔቲቭ» የኤችቲኤምኤሉ ቅጂ ይጨመራል። በመጨረሻ የፒዲኤፉ ፋይል በባይት ሁነታ ተከፍቶ ይነበብና ለ«አድ አታችመንት» ይሰጣል፤ አብሮ ዋናው ዓይነት «አፕሊኬሽን»፣ ንዑሱ ዓይነት «ፒዲኤፍ»፣ የፋይሉም ስም ይነገረዋል። ቤዝ64 ማድረጉን፣ ወሰኑን መፍጠሩን፣ ራስጌዎቹን መጻፉን ክላሱ ይጨርሰዋል።

ተማሪ፦ ቅደም ተከተሉ ግዴታ ነው?

መምህር፦ ግዴታ ነው፤ ምክንያቱ የደብዳቤው አወቃቀር ነው። አባሪ ያለው ደብዳቤ ዛፍ ነው ብለሽ አስቢው። ግንዱ «መልቲፓርት/ሚክስድ» ይባላል፤ የተለያዩ ነገሮችን ጎን ለጎን ይይዛል። ከቅርንጫፎቹ አንዱ «መልቲፓርት/ኦልተርኔቲቭ» ነው፤ በውስጡ ተራው ጽሑፍና ኤችቲኤምኤሉ አሉ፣ ሁለቱም ያው መልእክት ናቸው። ሌላው ቅርንጫፍ ፒዲኤፉ ነው። በኤችቲኤምኤሉ ውስጥ የሚታይ የድርጅት አርማ ቢኖር ደግሞ ኤችቲኤምኤሉና ምስሉ በ«መልቲፓርት/ሪሌትድ» ውስጥ አንድ ላይ ይታሰራሉ። ክላሱ ዛፉን የሚሠራው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ አባሪ ሲጨመር ያለውን ሁሉ በ«ሚክስድ» ይጠቀልለዋል። አንዴ ከተጠቀለለ በኋላ «አድ ኦልተርኔቲቭ» ቢጠራ ስህተት ያስነሳል።

ተማሪ፦ ስህተት ማስነሳቱ ካልቀረ የዛፉን ቅርጽ ማወቁ ምን ይጠቅማል?

መምህር፦ ስህተት ሳያስነሳ የሚበላሽ ብዙ አለ። አንዱን እነሆ። በ«ኦልተርኔቲቭ» ውስጥ የክፍሎቹ ተራ ትርጉም አለው፤ ደንቡ ከቀላሉ ወደ ተሟላው ይደርደሩ ይላል፣ አንባቢ ፕሮግራሙም ከሚችላቸው መካከል የመጨረሻውን ያሳያል። ፒዲኤፍን ከጽሑፉ ጎን በ«ኦልተርኔቲቭ» ውስጥ ያስገባ ሰው «ወይ ጽሑፉን ወይ ፒዲኤፉን አሳይ» ማለቱ ነው። አንዳንድ ፕሮግራሞች ሁለቱንም ያሳያሉ፣ አንዳንዶቹ አንዱን ይደብቃሉ። ተቀባዩ «አባሪው አልደረሰኝም» ይላል፣ ላኪው ደግሞ ልኬያለሁ ይላል፤ ሁለቱም እውነት አላቸው።

ተማሪ፦ የፋይሉ ዓይነት አስቀድሞ ካልታወቀስ? ተጠቃሚው ምን እንደሚጭን አይታወቅም።

መምህር፦ «ማይምታይፕስ» የሚባለው ሞጁል ከፋይሉ ስም ቅጥያ ይገምታል። ይዘቱን ግን አያይም። ሌላም ጥንቃቄ አለው፤ ከራሱ ሠንጠረዥ ሌላ የኮምፒዩተሩን የዓይነት መዝገብ ስለሚያነብ፣ በአንዱ ማሽን የሚያውቀውን ቅጥያ በሌላው ላያውቅ ይችላል። ካላወቀ «አፕሊኬሽን/ኦክቴት-ስትሪም» ማለት ነው፣ «ባይት ነው፣ ከዚህ በላይ አልናገርም» እንደማለት። ስምና ይዘት አለመግጠማቸው ቀላል ነገር አይደለም። በሜይ 2000 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያዳረሰው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው የኮምፒዩተር ትል የተሰራጨው በአባሪ ነበር። የፋይሉ ስም የተራ ጽሑፍ ቅጥያ ካስቀደመ በኋላ የፕሮግራም ቅጥያ ነበረው፤ ዊንዶውስ ደግሞ የመጨረሻውን ቅጥያ የመደበቅ ልማድ ስለነበረው ተቀባዮች ተራ ደብዳቤ መስሏቸው ከፈቱት።

ተማሪ፦ ወደ አማርኛ እንምጣ። ጉዳዩም፣ ጽሑፉም፣ የፋይሉ ስምም በአማርኛ ቢሆን ምን ይለወጣል?

መምህር፦ ሦስቱም በሦስት የተለያዩ ደንቦች ይመራሉ፤ የአማርኛ ደብዳቤዎች የሚበላሹትም በአብዛኛው ይህ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። መሠረቱን እንያዝ። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። መደበኛዎቹ ፊደሎች በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዳቸው ሦስት ባይት ይወስዳሉ፣ ስለዚህ አንድ ፊደል በቤዝ64 ልክ አራት ምልክት ይሆናል። በሌላው ዘዴ፣ ኮትድ-ፕሪንተብል በሚባለው፣ እያንዳንዱ ባይት ሦስት ምልክት ስለሚሆን አንድ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ይፈጃል። ኮትድ-ፕሪንተብል የተሠራው በአብዛኛው አስኪ ለሆነ ጽሑፍ ነው፤ ለአማርኛ ቤዝ64 ይሻላል።

ተማሪ፦ «ሴት ኮንተንት» የትኛውን ይመርጣል?

መምህር፦ መስመሮቹን ለክቶ ነው የሚመርጠው። የትኛውም መስመር ከ78 ባይት ካልበለጠ 8 ቢቱን እንዳለ ይተወዋል፤ 78 ባይት ደግሞ 26 የግዕዝ ፊደል ብቻ ነው። አንድ መስመር እንኳ ከበለጠ ሁለቱን ዘዴዎች አነጻጽሮ አጭሩን ይወስዳል፤ ሙሉ በሙሉ አማርኛ ከሆነ ቤዝ64 ያሸንፋል። ደብዳቤው በየወሩ ይዘቱ ቢለዋወጥም ቅርጹ እንዳይለዋወጥ ከተፈለገ ዘዴውን ራሱ ፕሮግራመሩ ቤዝ64 ብሎ ቢወስን ጥሩ ነው።

ተማሪ፦ ጉዳዩስ?

መምህር፦ ራስጌ ውስጥ አስኪ ያልሆነ ጽሑፍ የሚገባው በአርኤፍሲ 2047 መሠረት ተለውጦ ነው። የቁምፊ ስብስቡ ስምና የዘዴው ምልክት በጥያቄ ምልክቶች ታጥረው ይቀድማሉ፣ ቀጥሎ የተለወጠው ጽሑፍ ይመጣል። አንዱ የተለወጠ ቃል በጠቅላላው ከ75 ምልክት መብለጥ የለበትም። ማጠሪያው ሲቀነስ ለጽሑፉ የሚተርፈው 63 ምልክት ነው፤ በቤዝ64 ይህ 15 የግዕዝ ፊደል ብቻ ይይዛል። «የሐምሌ ወር የደመወዝ መግለጫ» እንኳ በአንድ አይበቃውም፤ ለሁለት መከፈል አለበት። በእጁ የሚከፍል ሰው ባይት ቆጥሮ ቢቆርጥ የአንዱ ፊደል ሁለት ባይት እዚህ፣ አንዱ እዚያ ይቀራል፤ በተቀባዩ ስክሪን ላይ በፊደሉ ቦታ የጥያቄ ምልክት ይታያል። ደንቡ አንድ ፊደል በሁለት ቃል መካከል እንዲሰነጠቅ አይፈቅድም፣ «ኢሜይልመሴጅ»ም ይህን ይጠብቃል።

ተማሪ፦ የፋይሉ ስምም በዚያው ደንብ አይሠራም?

መምህር፦ አይሠራም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። የፋይል ስም የራስጌ መለኪያ ስለሆነ በአርኤፍሲ 2231 ይመራል፤ አስኪ ያልሆነው እያንዳንዱ ባይት በመቶኛ ምልክትና በሁለት አሃዝ ይጻፋል። በድሮው አሠራር የተጻፉ ብዙ ኮዶች «አታችመንት» የሚለውን ቃልና የፋይሉን ስም በአንድ ስትሪንግ ይገጣጥማሉ። ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል እስከሆነ ድረስ ችግር የለም። ስሙ «ደመወዝ» የሆነ ዕለት ግን የድሮው ክላስ የራስጌውን ዋጋ በሙሉ በአርኤፍሲ 2047 ይለውጠዋል፤ «አታችመንት» የሚለው ቃልም አብሮ ይሸፈናል። ተቀባዩ ፕሮግራም አባሪ መሆኑንም ስሙንም ማንበብ ያቅተዋል፤ ፋይሉ ስምና ቅጥያ አጥቶ ይደርሳል። መፍትሔው ስሙን ለብቻው በመለኪያነት መስጠት ነው፤ «አድ አታችመንት» የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ተማሪ፦ ለአንድ ሰው የሚላከው ግልጽ ሆነ። ለ300 ሠራተኛ ግን ያንኑ ደብዳቤ በዙር ውስጥ ተቀባዩን እየቀያየሩ መላክ አይቀልም?

መምህር፦ ከሁሉም በላይ መፈራት ያለበት ስህተት ይህ ነው። በድሮው ክላስ ለተቀባዩ ራስጌ አዲስ አድራሻ ሲሰጠው የበፊቱን አይተካም፤ ይጨምርበታል። አሥረኛው ሠራተኛ የዘጠኙን አድራሻ ያያል። አዲሱ ክላስ ሁለተኛ የተቀባይ ራስጌ አልቀበልም ብሎ ስህተት ያስነሳል። ፕሮግራመሩ የበፊቱን ራስጌ አጥፍቶ አዲሱን ቢያስገባ ግን ስህተቱ ይጠፋል፣ አባሪዎቹ ግን ይቀራሉ። «አድ አታችመንት» ሁልጊዜ ይጨምራል እንጂ አይተካም። ሁለተኛው ሠራተኛ የራሱንና የመጀመሪያውን የደመወዝ መግለጫ ይቀበላል፤ የመጨረሻው የ300ውንም። የሰውን ገቢ በአንድ መስመር ስንፍና አደባባይ ማውጣት ነው። ለእያንዳንዱ ተቀባይ አዲስ «ኢሜይልመሴጅ» መፈጠር አለበት፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ተማሪ፦ ሁሉንም በስውር ግልባጭ አንድ ጊዜ መላክስ?

መምህር፦ ለሁሉም የሚሄደው ፋይል አንድ ሲሆን ያ ጥሩ ነው። ሰርቨሩ ደብዳቤውን የሚያደርሰው በራስጌው ላይ ለተጻፈው ሰው ሳይሆን ከላኪው ፕሮግራም ጋር በሚያደርገው ንግግር መጀመሪያ ላይ ለተነገረው አድራሻ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። የኤስኤምቲፒሊብ ሜተድ የሆነው «ሰንድ መሴጅ» አድራሻዎቹን ከተቀባይ፣ ከግልባጭና ከስውር ግልባጭ ይሰበስባል፣ ስውሩን ራስጌ ግን ሳይልክ ያስቀረዋል። «ሰንድሜይል» የሚባለው የቆየው ሜተድ የተሰጠውን ጽሑፍ እንዳለ ስለሚልክ፣ በጽሑፉ ውስጥ የስውር ግልባጭ ራስጌ ካለ ለሁሉም ይታያል።

ተማሪ፦ ከሰርቨሩ ጋር መገናኘቱስ?

መምህር፦ ፖርት 587 በተራ ግንኙነት ጀምሮ በ«ስታርት ቲኤልኤስ» ወደ ምስጢራዊ ይቀየራል፤ ፖርት 465 ገና ከመነሻው ምስጢራዊ ነው። ፖርት 25 ሰርቨሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ነው። የይለፍ ቃሉ በኮዱ ውስጥ አይጻፍም፤ ከአካባቢ ተለዋዋጭ ወይም ከምስጢር ማስቀመጫ ይነበባል።

ተማሪ፦ ለእውነተኛ ሰው ከመላኩ በፊት እንዴት ይፈተሻል?

መምህር፦ «ኤአይኦኤስኤምቲፒዲ» የሚባለውን ላይብረሪ በራስሽ ኮምፒዩተር ላይ አስነሺ፤ ካልተለወጠ በስተቀር በፖርት 8025 ያዳምጣል፣ የመጣለትንም ደብዳቤ ለማንም ሳያስተላልፍ ስክሪን ላይ ያትመዋል። ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣ የነበረው «ኤስኤምቲፒዲ» ከ3.12 ጀምሮ ወጥቷል። የታተመውን በዓይን ማየት የዛፉን ቅርጽ ያሳያል፣ የአባሪውን ይዘት ግን አያረጋግጥም። ስለዚህ የተገነባውን ደብዳቤ ወደ ባይት ለውጪና በ«መሴጅ ፍሮም ባይትስ» መልሰሽ አንብቢው። የአዲሱን አሠራር ፖሊሲ በመለኪያነት መስጠት አትርሺ፤ ካልተሰጠው የድሮውን ክላስ ነው የሚመልሰው። ከዚያ በ«ኢተር አታችመንትስ» አባሪዎቹን አውጥተሽ ስማቸውንና ይዘታቸውን ከዲስክ ላይ ካለው ፋይል ጋር አነጻጽሪ። ፈተናውን ረጅም የአማርኛ ጉዳይና ክፍተት ባለበት የአማርኛ የፋይል ስም አድርጊው። አባሪው አንድ ብቻ ከሆነ፣ ስሙ ካልተለወጠና ባይቶቹ አንድ በአንድ እኩል ከሆኑ፣ ደብዳቤው ሊላክ ይችላል።